ሁለት ምስማር ያለበት መለኪያ

የልጅ ልጄ ሊያ ባለፈው ቅዳሜ ከጸሎት ቤት ስትመለስ ግራ እጇን በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ደብቃ ገባች። አሥር ዓመቷ ነው። ሰፈራችን ቦረና ስለሚበዛበት እንደ ጎረቤት ልጆች አያቴ ለማለት «አኮ» እያለች ነው የምትጠራኝ። ሱቄ ውስጥ ጨርቅ እያጠፍኩ ነበር። «እጅሽን ምን ነካው?» አልኳት። «ምንም» አለች። «ምንም ካልነካው አውጪው።» አወጣችው። ቁስል የለውም፣ እብጠት የለውም። «ታዲያ ለምን ትደብቂዋለሽ?» ስላት ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ «አጭር ነው» አለችኝ። «ማን አለሽ?» «ባቡ ነው ያለኝ። ጊታር አስተምረኝ ብዬ ስጠይቀው ሁለት ምስማር ያለበት እንጨት አወጣና ለካኝ። አይደርስም አለኝ። ከበሮ ምቺ አለኝ።»

ያጠፍኩትን ጨርቅ መልሼ ዘረጋሁት። ለምን እንደዘረጋሁት አላውቅም። ባቡ የሚሉት የመዘምራኑን መሪ ጋሽ መኮንንን ነው፤ እዚህ ሞያሌ ልጆች ሽማግሌ ሁሉ በስዋሂሊ ባቡ ነው የሚሉት። ሰውዬው በሕይወት እንዳለ አውቃለሁ። በየእሑዱ ከፊት ወንበር ላይ ጀርባውን አየዋለሁ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰላም ሳንባባል በአንድ ጣሪያ ሥር ዘምረናል። ያ እንጨት ግን አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አንድ ሰው በስደት ስንት ነገር ይጥላል፤ የጋብቻ ወረቀቱን፣ የእናቱን ፎቶ። ይሄ ሰው ያንን እንጨት ሳይጥል ኖሯል ማለት ነው። ተቀመጥኩ። ሊያ «አኮ፣ አመመሽ?» አለችኝ። «እንደገና ንገሪኝ፤ ምስማሮቹ ስንት ናቸው?» አልኳት። «ሁለት።»

ይህን የምጽፈው ሰውዬውን ለማማት አይደለም ብል ማንም አያምነኝም። ለማማትም ነው። ድንበሩን ስለተሻገርንበት ጊዜ ግን ብዙ አልናገርም፤ ማን ከማን እንደሸሸ የሚያውቁ ይናገሩት። እኔ ከሁሉ ይበልጥ የማስታውሰው ልብሱን ነው። በስደተኞች ካምፕ የታደልነው፣ ከበረዶ አገር በእርዳታ የተላከ የሱፍ ካፖርት፣ ኮፍያ ያለው፣ ገበር ያለው። በዚያ በሚጠብስ ፀሐይ ካፖርታችንን ለብሰን ውሃ ለመቅዳት እንሰለፍ ነበር፤ ማታ ማታ ስለሚበርድና በድንኳን ውስጥ ከተውነው ስለሚሰረቅ። የእኔ አረንጓዴ ነበር፣ ቁልፎቹ የእንጨት ናቸው፣ ኪሱ እስከ ክንዴ ድረስ ይውጠኝ ነበር። ወንዶቹ የሱፍ ሱሪያቸውን ከጉልበት በላይ ቆርጠው፣ ቁራጩን ለሚስቶቻቸው የትራስ ልብስ ያደርጉታል። ከካምፑ በር በስተግራ፣ የወደቀው ግራር ጥግ፣ አንዲት ሶማሌ ሴትዮ በወተት ቆርቆሮ ሻይ ትሸጥ ነበር፤ ኩባያው በአንድ ሽልንግ፣ ከማንዳዚ፣ በዘይት ከተጠበሰው ሊጥ ጋር በሁለት። ዛሬ እዚህ መናኸሪያው ዳር ያንኑ ሻይ በሃያ ስጠጣ የሴትዮዋ ዝንጅብል ትዝ ይለኛል። እንዲህ ያለ ዝንጅብል ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም፣ ወይም ያኔ ርቦኝ ነበር።

መኮንን ያን ጊዜ ጎልማሳ ነው። በአገር ቤት በሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ ነበርኩ ይል ነበር፤ አልዋሸም፣ ይጫወታል። ከእርዳታ ሳጥን ጊታር ወጣና ባንድ አቋቋመ። ቅዳሜ ለሠርግ፣ እሑድ ለጸሎት የሚጫወት ባንድ ነው፤ ጃንጥላ ጨርቅ የተወጠረበት ከበሮ፣ አንድ ጊታር፣ ሦስት ድምፃዊ። የካምፑ ወጣት ሁሉ ድንኳኑ ዳር ይሰለፋል። ትዝታ ቅኝት ሲጀምር ሴቶቹ ካፖርታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሱ ነበር። እኔ አላለቅስም ነበር። እኔ የማየው ጣቶቹን ነው፤ የትኛው ጣት የት እንደሚያርፍ። ማታ በድንኳኔ ውስጥ በጎማ ጫማዬ ላይ በጣቴ እለማመድ ነበር። ድምፅ የለውም፣ ግን ዜማው የት እንዳለ አውቀው ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ጊታር ለመማር የሚፈልግ ይምጣ ተባለና አሥራ ምናምን ሆነን ሄድን፤ ከሴት ሁለታችን ብቻ። ጊታሩን አላስነካንም። ሁለት ምስማር የተመታበት ጣውላ አወጣ። ሌባ ጣት አንዱ ምስማር ላይ፣ ትንሿ ጣት ሌላው ላይ፤ የደረሰ ይማራል፣ ያልደረሰ ይሄዳል። የእኔ ትንሿ ጣት በአንድ የምስር ፍሬ ያህል ቀረች። ምስር ነበር የምንታደለውና ልኩን በደንብ አውቀዋለሁ። «ልሳባት፣ በልምምድ ትለጠጣለች» አልኩት። ያን ጊዜ አንቱ ነበር የምለው። «አይደርስም» አለኝ። ቀጥሎም ወደ ሌሎቹ ዞሮ፣ «አስካለን እግዜር ለሻይ ነው የፈጠራት። ሻይ ታፍላልን» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። የእነሱ ሳቅ ድሮ ወጥቶልኛል፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የእኔው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «አስካለ ሻይ» ሆነ፤ ግራ እጄም ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ገባ። ባንዱ ሲለማመድ ከድንኳኑ ውጭ ሻይ አፈላሁ። ለምን አልተውሽውም የሚለኝ ይኖራል። ሌላ ጊታር የሚሰማበት ቦታ አልነበረማ።

ሰው ሲነግረኝ የኖረውን ነገር አምኜ እንደኖርኩ ለመናገር ያሳፍረኛል፤ በተለይ በእኔ ሥራ። ወደ ከተማው ወጥቼ ጨርቅ መሸጥ ስጀምር በዚህ ገበያ ጨርቅ የሚለካው በክንድ ነበር። ገዢ ሲመጣ ረጅም ሰው ይዞ ይመጣል፤ አጎቱን፣ ወይ ከጎልቦ ቆላ ግመል ነድቶ የመጣ ዘመዱን። ሰውዬው ክንዱን ይዘረጋና ጨርቁን ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ ይለካል፤ አምስት ክንድ ሸጥኩ ስትይ ስድስት ሄዷል። በእኔ ክንድ እለካለሁ ካልኩ «ያንቺማ የልጅ ክንድ ነው» ይሉኛል። የብረት ሜትር ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩ ከመጀመሪያዎቹ ነኝ። «ክንድ የሰው ነው፣ ሜትር የማንም አይደለም» እያልኩ ከስንቱ ጋር ተጣላሁ። ይህን ሁሉ ያልኩ ሴትዮ ያ ባለ ምስማር መለኪያ የማን እጅ ነው ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ሰኞ ሊያ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ይዣት ወደ ዋቆ ሱቅ ሄድኩ። ዋቆ የቡቲዬ ሰፈር ልጅ ነው፤ ስልክ፣ ሶላር፣ ስፒከር ይሸጣል፤ ናይሮቢ ሲማር ጊታር ለምዶ መጥቷል። አማርኛውን ከገበያ ነው የለቀመው። ግድግዳው ላይ አራት ጊታሮች ላስቲካቸውን እንደለበሱ ከትልቅ ወደ ትንሽ ተሰቅለዋል፣ እንደ ቤተሰብ ፎቶ። ቀና ብዬ እንኳ በደንብ ሳላያቸው «ትልቁን አውርድልኝ» አልኩት።

«ለማን ነው፣ ማማ ሩት?» ሩት የሊያ እናት ናት፤ በዚህ ከተማ በልጄ ስም ነው የምታወቀው።

«ለእሷ።»

«ይሄ ለእሷ አይሆንም፣ ካቢሳ፣ በጭራሽ።»

«ታድግበታለች።»

«ዩኒፎርም ነው እንዴ፣ ጫፉን አጥፈሽ የምትሰፊው?»

ሊያ ሳቀች። ከቅዳሜ ወዲህ መሳቋ ነበር። «ታዲያ ትንሾቹ መጫወቻ አይደሉም?» አልኩት።

ዋቆ በጣም ተገርሞ አየኝ። «ምን መጫወቻ? ስድስት ክር አለው፣ ድምፁ እኩል ይስተካከላል፣ ዘፈኑ አንድ ነው። ጊታሩ ሳይሆን ሰውዬው ነው የተለያየው። ቁጭ በይ፣ አንቺ ልጅ፤ እግርሽን ሳጥኑ ላይ።»

የሶዳ ሳጥን አቀረበላትና መጀመሪያ ትንሹን ሰጣት፣ ግማሽ የሚሉትን። አንገቷን ደፍታ ጎበጠችበት፤ ጣቶቿ እርስ በርስ ተረጋገጡ። «ለዚህ ትልቅ ነሽ፣ ይሄ ለስድስት ለሰባት ዓመት ልጅ ነው» ሲላት ፊቷ በራ። በዚያ ሳምንት ለአንድ ነገር ትልቅ ነሽ ያላት የመጀመሪያው ሰው ነው። ቀጥሎ ትልቁን ሰጣት። ቀኝ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ፣ ግራ ክንዷ ተገተረ። «አየሽ ማማ? አልያዘችውም፤ ዛፍ እየወጣች ነው። እንዲህ አድርገሽ ብታስተምሪያት በሁለት ወር ትጠላዋለች፣ አንቺም ልጄ ሰነፍ ናት ትያለሽ።» ከዚያ ሦስት ሩብ የሚሉትን ጭኗ ላይ አደረገላት። ትከሻዋ ወረደ። ክንዷ ሳይገተር የአንገቱ ጫፍ ጋ ደረሰ። «አንድ ጣት በአንድ ክፍል» አላት፤ አንገቱ ላይ በተጋደሙት የብረት መስመሮች መካከል ያለውን ማለቱ ነው። አራቱ ጣቶቿ አራቱ ክፍሎች ላይ አረፉ። አንዷም አልቀረችም። ክሩን ነካችው፤ ድምፅ ወጣ። ወደ እኔ ቀና አለችና እጇን እንዳየው አሳየችኝ።

ባንኮኒውን ያዝኩ። ዋቆ ወንበር ገፋልኝና ቀልደኛ ስለሆነ፣ «አንቺስ ማማ፣ አትሞክሪም?» ብሎ ሁለተኛውን፣ ከትልቁ በጥቂቱ የሚያንሰውን አወረደ። «እኔ?» አልኩት። «ይሄን እጃቸው ትንሽ የሆነ ትልልቅ ሰዎች ናቸው የሚይዙት። ሴት ይወስደዋል፣ እጁ የደነደነበት ሽማግሌ ይወስደዋል።» ግራ እጄን ከነጠላዬ ሥር አወጣሁት። ሌባ ጣቴን አሳረፍኩ፣ መሐሉን፣ ቀጣዩን። ትንሿን ጣቴን ሳላያት ለቀቅኳት። አራተኛው ክፍል ውስጥ ነበረች። አልተለጠጠችም፣ አልቀረችም፤ እዚያ የምትኖር ይመስል ተቀምጣለች። የምስሯ ፍሬ የለችም።

እስካሁን ያልጻፍኩት ነገር አለ፤ ባልጽፈው እወድ ነበር። ከእርዳታው ሳጥን የወጡት ጊታሮች ሁለት ነበሩ። አንዱ ትንሽ ነበር። መኮንን አገላብጦ አየውና «ለሕፃን መጫወቻ ነው፣ በስሕተት ነው የመጣው» አለ፤ ክሮቹን ነቅሎ ለትልቁ መለዋወጫ አስቀመጣቸው። ባዶው ሻይ በማፈላበት ሸራ ሥር ወድቆ ነበር፤ ኩባያዎች አስደግፍበት ነበር። ከዚያ ዝናቡ መጣ። በዚያ አገር ዝናብ ከመጣ አንድ ሳምንት አያቆምም፤ እንጨቱ ሁሉ ራሰ። ባንዱ በድንኳን ውስጥ ይለማመዳል፣ ሻይ ይጠብቃል፣ እኔ እሳቱን እፍ እላለሁ፣ ጭስ ብቻ። መኮንን ከውስጥ ሆኖ፣ «ያቺን መጫወቻ ፍለጫት፣ ደረቅ ናት» አለኝ። ፈለጥኳት። በጎረቤት መጥረቢያ፣ በሦስት ምት። አንገቷን ይዤ ነበር የፈለጥኳት። ቀለሟ እንደ ዘይት ቦግ አለ፤ ዘፈኑ ሳያልቅ ሻዩ ፈላ። ሁሉም ዛሬ ሻይሽ ጣፈጠ አሉኝ። እኔም ጠጣሁ።

ዋቆ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ያቺ ምን ያህል ነበረች ብዬ አሰብኩ። መማል አልችልም። ሦስት ሩቧ ትሁን የጭኔ ላይዋ፣ አላውቅም። ግን አንገቷን የያዘችው ይህችው ግራ እጄ ናት፤ እጄ ስታስታውስ ተሰማኝ። አውራ ጣቴ ዞራ ጣቶቼን ነክታ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት የጠላሁት ሰው በመለኪያው ቢከለክለኝ፣ የምትበቃኝን ጊታር ለሻይ ማገዶ ያደረግኳት እኔ ነበርኩ። «ማማ፣ ማጂ ላምጣልሽ?» አለኝ ዋቆ። ውሃውን ጠጣሁ። የሊያን ገዛሁ፤ ሌላዋን መልሼ ሰቀልኳት።

ረቡዕ መዘምራኑ የሚለማመዱበት ቀን ነው። ጊታሩን አቅፌ፣ ሊያን ይዤ ገባሁ። መኮንን በከዘራው ተደግፎ ከፊት ተቀምጧል፤ ትልቁ ጊታር አጠገቡ በከረጢቱ ውስጥ ነው። ክሩ አረጀ እያለ መጫወት ከተወ ቆይቷል። አየኝና ከስንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ፣ «አስካለ ሻይ» ሆነ። ልጆቹ ሳቁ። ያን ቀን አልሳቅኩም።

«መለኪያውን አምጣው» አልኩት። አንቱ ማለቱን ተውኩት።

«ምን መለኪያ?»

«ልጄን የለካህበትን።»

ከጊታሩ ከረጢት ኪስ አወጣው። ከእጅ ላብ ብዛት ጠቁሯል፤ ምስማሮቹ ግን ያው ናቸው። የሊያ ጊታር አንገት ላይ አጋደምኩት። የመጀመሪያው ምስማር መጀመሪያው ክፍል ላይ ሲሆን ሁለተኛው ከአራተኛው አልፎ አምስተኛው ውስጥ ገባ። «ይሄ የማን እጅ ነው?» አልኩት።

«የጊታር ልክ ነው።»

«የማን እጅ ነው?»

ምስማሮቹን በአውራ ጣቱ ነካ። ከዚያ፣ «በእኔ ነው የቸነከርኩት» አለ። «ሌላ እጅ አልነበረኝማ።»

«እስቲ እጅህን አስቀምጥበት።»

እንቢ ይላል ብዬ ነበር። ልጆቹ ስለሚያዩት መሰለኝ እጁን አነሳ። ሌባ ጣቱን በመጀመሪያው ምስማር ላይ አደረገ። ትንሿ ጣቱ ተጣጥፋ ቀረች፤ በሌላው እጁ ሊስባት ሞከረ። በምስር አይደለም፣ በባቄላም አይደለም የቀረችው። ቀና ብሎ ያየኝ ዓይን እስካሁን ፊቴ ላይ አለ። ክሩ አረጀ ሲል የኖረው ሰው ያረጀው እጁ መሆኑን መጀመሪያ ያወቀው ያኔ ይመስለኛል። ከበሮ ይዛ የነበረች ልጅ ከበሮዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። ይህን ለማየት ስንት ዓመት እንደጠበቅኩ እግዜር ያውቃል። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

«ያቺን ትንሿን ጊታር እኔ አልፈለጥኳትም» አለኝ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንቺ ነሽ የፈለጥሻት። መጥረቢያው የማን እንደነበረ ሳይቀር አስታውሳለሁ።»

እሱም ያስታውሳል ብዬ አላሰብኩም። «እኔ ነኝ» አልኩት። «መጫወቻ ናት ያልከኝ አንተ ነህ፤ ያመንኩህ ደግሞ እኔ ነኝ። ይህችኛዋ ግን አታምንህም።»

ሊያ የምንነጋገረው ያልገባት ይመስል ጊታሯን ከእጄ ወስዳ ወንበር ላይ ወጥታ ተቀምጣ ክሮቹን ነካች። አንዱ ተዛብቷል። ሰውዬው ሙዚቀኛ ነው፤ መታገሥ አልቻለም። «አራተኛው ወርዷል፣ አምጪው» አላት። አየችኝ፣ ስጪው አልኳት። አስተካከለው። ሊመልስላት ሲል የታጠፉት ጣቶቹ የጊታሩ አንገት ላይ አረፉ። ደረሱ። ራሱ ደነገጠ። አንድ ስንኝ ተጫወተ፤ ያ በካምፑ ሴቶቹን የሚያስለቅሰው ነበር። ጣቶቹ የት እንደሚያርፉ ከእሱ እኩል አውቀው ነበር። ሲጨርስ ጊታሩን ለሊያ መለሰላትና «ቅዳሜ ጠዋት ነይ፣ እጀምርልሻለሁ» አላት። ቀጥሎ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ከየት ነው የገዛችሁት?» አለ።

«ከዋቆ።»

«ሌላ አለው?»

«ለአንተ የሚሆን አንድ አለ» አልኩት። መለኪያውን ግን አልመለስኩለትም፤ ነጠላዬ ውስጥ አድርጌው ወጣሁ። አሁን የሱቄን መስኮት ከፍቼ የምደግፍበት እሱ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ዋቆ በሩን ሲከፍት ደጁ ላይ ቆሜ አገኘኝ። መኮንን ከዘራውን ይዞ ሲደርስ ያቺ ሁለተኛዋ ጭኔ ላይ ነበረች፤ እግሬ የሶዳው ሳጥን ላይ። ዋቆ ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሱ አየና፣ «ፖሌ ባቡ፣ ይቅርታ፣ ማማ ሩት ወስዳዋለች። ሌላ እስከ ሁለት ወር አይመጣም» አለው። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ፀሐዩ ከጀርባው ስለነበር ፊቱን በደንብ አላየሁትም።

«አስካለ» አለኝ። ሻይ የሚለውን አልጨመረበትም። «ለአንድ ሰዓት አውሺኝ።»

«እጅህን አሳየኝ» አልኩት።

ዘረጋልኝ። ጊዜ ወስጄ አየሁት፣ ጣት በጣት፣ ጨርቅ እንደምመረምር።

«አይደርስም» አልኩት። ከዚያም ከመንገዱ ማዶ የምታፈላውን ልጅ ጠርቼ ሻይ አዘዝኩለት።